ወይራን የሚተክለው ማን ነው?



በደጋውና በወይና ደጋው አገር የተዘዋወረ የደን ባለሙያ ሁሉ ሁለት ዐይነት ኮረብታ ያውቃል። አንደኛው ክረምት በገባ ቁጥር ጉድጓድ የሚቆፈርበት፣ ችግኝ በሸክም ወጥቶ የሚተከልበት፣ ቁጥሩም በመዝገብ የሚሰፍርበት፣ ነገር ግን በጋው ሲያልፍ ከባዶ ጉድጓድ በቀር የሚታይበት ነገር የሌለ ኮረብታ ነው። ሁለተኛው ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጀርባ ያለ፣ ማንም ችግኝ ያልተከለበት፣ ደደሆና አጋም የወረሰው፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለከለ ተዳፋት ነው። በዚህ በሁለተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ የደደሆውን ቅርንጫፍ ገለጥ ያደረገ ሰው፣ ከሥሩ ቅጠሏ ጠባብ፣ ላይዋ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታችዋ ብርማ የሆነ አንዲት የወይራ ቡቃያ ቆማ ያገኛል። ይህችን ቡቃያ ማን ተከላት?

መልሱ አጭር ነው። ወፍ ተከላት፤ ቁጥቋጦ አሳደጋት፤ የሰው ድርሻ አሮጌውን እናት ዛፍ አለመቁረጥና ከብቱን መመለስ ብቻ ነበር። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህን አጭር መልስ ዘርዝሮ ማቅረብ፣ ከዚያም ለሙያው ምን እንደሚያስተምር ማሳየት ነው። ወይራ ለዱር እንስሳት ምግብና መጠለያ ይሰጣል ሲባል ዛፉ ሰጪ፣ እንስሳቱ ተቀባይ ብቻ የሆኑ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አዕዋፍ የበሉትን በሥራ ይከፍላሉ፤ ያ ሥራ በተቋረጠበት ቦታ የወይራ ደን በሰው ጉልበት ብቻ ተመልሶ የሚቆም አይደለም።

ዛፉና ዘመዶቹ

በአማርኛ ወይራ፣ በትግርኛ አውሊዕ፣ በኦሮምኛ ኤጀርሳ የሚባለው ይህ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ኦሊያ ዩሮፒያ፣ ንዑስ ዝርያ ኩስፒዳታ ይባላል። ቀደም ባሉት መጻሕፍት ኦሊያ አፍሪካና ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ለዘይቱ የሚለማውና ደብረ ዘይት ስሙን ያገኘበት ዛፍ የዚሁ የአንዱ ዝርያ ሌላ ቅርንጫፍ ስለሆነ፣ ሁለቱ እንደ ወንድማማች የሚቆጠሩ ናቸው። ልዩነታቸው በይበልጥ የሚታየው በፍሬያቸው ነው። የኢትዮጵያው ወይራ ፍሬ ትንሽ ነው፤ ሥጋውም ስስ ነው። ሰው ለዘይት ያልተመኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ለሰው ያነሰው ፍሬ ለወፍ አፍ ልክ ነው።

የዛፉ አገር ሰፊ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ያልፋል፤ ወደ ዐረብ ልሳነ ምድር ተሻግሮም እስከ ፓኪስታን፣ ህንድና ቻይና ድረስ ይደርሳል። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ከጽድ ጋር ሆኖም ደረቁን የደጋ ደን የሚመሠርት ዋና ዛፍ ነው። በሰሜን የደስዓና የሁጉምቡርዳ ደኖች፣ በመካከለኛው አገር የመናገሻ ደን ይህን ጉርብትና እስከ ዛሬ ያሳያሉ።

የወይራን ጥቅም ለአገሩ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሞፈርና ድግር የሚጠረበው ከእርሱ ነው፤ የአጥር ምሰሶ፣ የእረኛ ዱላ፣ የሽማግሌ ከዘራ፣ የጧት መፋቂያም እንዲሁ። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በጭሱ ይታጠናል። እንጨቱ ከአገሪቱ ከባድና ጠንካራ እንጨቶች አንዱ ነው፤ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ከሰሉም እሳቱ የሚቆይ ነው። እነዚህ በጎ ጠባዮች ሁሉ ግን በዛፉ ላይ ምሳር የሚጠሩ ሆነዋል። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ አንድ አባት የቆረጠውን ምሰሶ የሚተካ ግንድ የሚያገኘው ልጁ ሳይሆን የልጅ ልጁ ነው።

የሚያበላቸውና የሚያሳድራቸው

ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ነው። በበጋ ሣሩ ደርቆ ሌላው ዛፍ በተራቆተ ጊዜ ወይራ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህም በሙቀት ቀን ድኩላ ከጥላው ያርፋል፤ በብርድ ሌሊት ወፎች በጥቅጥቅ ቅርንጫፉ ውስጥ ያድራሉ። ነጫጭና ጥቃቅን አበቦቹ ሲፈኩ ምንም እንኳ በዋናነት የሚያዳቅላቸው ነፋስ ቢሆን ንብም ትጎበኛቸዋለች።

የዛፉ ትልቁ ግብዣ ግን ፍሬው ነው። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲበስልም ወደ ሐምራዊ፣ ቀጥሎም ወደ ጥቁር ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ወደ አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ቀረብ ብሎ ጥቂት የቆመ ሰው የእንግዶቹን ብዛት ለመረዳት አይቸገርም። ስሟን ከዛፉ ጋር የምትጋራው፣ ምንቃሯና እግሯ ቢጫ የሆነው የወይራ ርግብ ከጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጉንጩ ነጭ የሆነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ የሚያሳየው ቱራኮ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየሮጠ ይለቅማል። በገደል ላይ የሚያድረው፣ ሲበር ክንፉ ቀይ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ወፍ በመንጋ ይመጣል። በየጓሮው የሚታወቀው ቡልቡል ከሁሉ በላይ ይመላለሳል። ጦጣና ዝንጀሮም ከግብዣው አይቀሩም፤ ጉሬዛ ደግሞ ባለበት ደን ከፍሬው ሌላ ቅጠሉንም ይበላል። ከዛፉ ሥር የወደቀውን ሌሊት አይጦችና ሌሎች ጥርሳም እንስሳት ያነሡታል።

የዛፉ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ለእንስሳት ያለው ጥቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያረጀ ወይራ ግንዱ ይጠማዘዛል፤ ቅርፊቱ ይሰነጣጠቃል፤ ውስጡም ብዙ ጊዜ ይቦረቦራል። ለእንጨት ነጋዴ ይህ ጉድለት ነው። በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ለሚፈለፍሉ አዕዋፍ ግን ቤት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖረው ትንሹ አረንጓዴ የደጋ በቀቀን እንቁላሉን የሚጥለው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ጉጉትና የዱር ንብም እንዲህ ያለውን ቦታ ይፈልጋሉ። ስለሆነም አሮጌና ጎባጣ ወይራን «ከእንግዲህ አይጠቅምም» ብሎ ለማገዶ መፍቀድ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

የበሉትን መክፈል

ወፍ የወይራን ፍሬ የሚፈልገው ለሥጋው ነው። ሥጋው ሲፈጭ በውስጡ ያለው ዘር በድንጋይ መሰል ቅርፊት ስለ ተሸፈነ ከብዙዎቹ ወፎች ሆድ ሳይጎዳ ይወጣል፤ ወይም ከአፍ ተመልሶ ይተፋል። ይህ የሚሆነው ወፉ በበላበት ዛፍ ላይ ብቻ አይደለም። ቡልቡል ጥቂት ፍሬ ውጦ ወደ ሌላ ማረፊያ ይበራል፤ እዚያም ዘሩን ይጥላል።

ማረፊያው ምንድን ነው? በተራቆተ ተዳፋት ላይ ወፍ የሚያርፍበት ከቁጥቋጦ በቀር ሌላ የለም። ከቁጥቋጦዎቹም መካከል ደደሆ፣ አጋምና ቀጋ የራሳቸው ፍሬ ስላላቸው ወፉን ለማረፍ ብቻ ሳይሆን ለመብላትም ይጠሩታል። በዚህም የተነሣ የወይራ ዘር በሜዳው ላይ እኩል አይበተንም፤ በቁጥቋጦ ሥር ይከማቻል። ወፉ ሳያውቅ ዘሩን የሚጥለው በተራራው ላይ ካለው ቦታ ሁሉ ለቡቃያ ይበልጥ በሚመቸው ስፍራ ነው ማለት ነው።

የቁጥቋጦው ሥር የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጥላው የበጋውን ፀሐይ ያበርዳል፤ አፈሩም እርጥበቱን ለጥቂት ሳምንታት ጨምሮ ይይዛል። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያለመልማል፤ ጎርፍ ይዞት የሚሄደውን ደለልም ግንዱ ያስቀረዋል። ከሁሉም በላይ የአጋምና የቀጋ እሾህ፣ የደደሆም ከብት ብዙም የማይወደው ቅጠል፣ ቡቃያዋን ከፍየል አፍ ይሰውራታል። ቡቃያዋ በዚህ ሽሽግ ቦታ ዓመታት ካሳለፈች በኋላ ራሷን ከቁጥቋጦው በላይ ታወጣለች። በዚያን ጊዜ ግንዷ የጸና፣ ጫፏም ከፍየል አፍ የራቀ ይሆናል።

ይህ በምናብ የተገኘ አይደለም። በትግራይ በደጉዓ ተምቤን በተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በታተመ ምርምር፣ ራፍ ኤርትስና ባልደረቦቹ አዕዋፍና ቁጥቋጦ ለወይራ መመለስ የሚሰጡትን እገዛ ፈትነዋል። በቁጥቋጦ፣ በተለይም በደደሆ ጥላ ሥር የተተከሉ የወይራ ችግኞች በገላጣ መሬት ላይ ከተተከሉት የተሻለ የመትረፍ ዕድል እንዳላቸው አሳይተዋል። ከዚያም አስቀድሞ ደመል ተከታይና አንደርስ ግራንስትረም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል እንጂ የትላልቅ ዛፎች እንዳልሆነ አስረድተው ነበር። የእነዚህ ሁለት ጥናቶች ትምህርት ሲጣመር ይህን ይመስላል፦ ደን ከተመነጠረ በኋላ መሬቱ በጎተራው ያስቀመጠው የዛፍ ዘር እምብዛም ስለሌለ አዲስ ዘር ከውጭ መምጣት አለበት፤ የሚያመጣው ወፍ ነው፤ ወፍ የሚያርፈውም ቁጥቋጦ ባለበት ነው።

የወይራ ባሕርይ በባዕድ አገር

ወይራ በአገሩ እየተመናመነ መሄዱን የሚያይ ሰው ዛፉ በተፈጥሮው ደካማ፣ ለመራባትም የማይችል ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን የሚመሰክር አንድ ነገር በሩቅ አገር ተፈጽሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው የአፍሪካ ወይራ ከአህጉሩ ደቡባዊ ክፍል ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ። ዛሬ በሲድኒ ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው የከምበርላንድ ሜዳ፣ እንዲሁም በኖርፎክ ደሴትና በሃዋይ፣ አገር በቀሉን ዕፅዋት የሚያፍን ወራሪ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የእነዚያ አገሮች ባለሙያዎች እርሱን ለመንቀል ብዙ ይደክማሉ። እዚያም ዘሩን የሚበትነው ወፍ ነው።

አንድ ዛፍ በሌላ ሰው አገር ጥፋት ማድረሱ የሚያስደስት ነገር አይደለም። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱን፣ የኢትዮጵያው ወይራ የሥጋ ዘመድ ደግሞ ወደዚያው ወደ አውስትራሊያ መሄዱን ለሚያስብ ግን ነገሩ የሚያስገርም ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርትም ይህ ነው፦ ወይራ ዘሩ በወፍ ተወስዶ፣ ቡቃያው በፍየል ካልተበላ፣ ግንዱም በምሳር ካልተመታ መራባት የሚችል ጠንካራ ዛፍ ነው። በአገሩ የጎደለው የዛፉ ኃይል ሳይሆን ኃይሉን የሚያወጣበት ሁኔታ ነው።

ዘሩን በችግኝ ጣቢያ ማብቀል

ይህ ሁሉ ሲባል የችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እናት ዛፍ ከአካባቢው ጨርሶ በጠፋበት ቦታ ወፍ የሚያመጣው ዘር የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መትከል ያለበት ሰው ነው። የወይራ ዘር ግን ጠባዩን ላላወቀ ሰው አስቸጋሪ ነው። ድንጋይ መሰሉ ቅርፊት አበቃቀሉን ስለሚያዘገይ፣ እንዲያው የተዘራ ዘር ለመብቀል ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የሚበቅለውም እኩል ሳይሆን አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከወራት በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለገሠ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት በዚህ በወይራ ዘር አበቃቀል ላይ የሠሩትን ሥራ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ስለ ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፎች የሚናገረው መጽሐፋቸውም ይህንን ዕውቀት ለችግኝ አፍይዎች አድርሷል።

በሥራ ላይ የሚከተሉት ነጥቦች ሊዘነጉ አይገባም።

አንደኛ፤ ፍሬው መሰብሰብ ያለበት ጥቁር ሲሆን ነው፤ ጊዜውም እንደየቦታው ስለሚለያይ ዛፉን መከታተል ያስፈልጋል። ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀም አይገባም። ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ እናት ዛፎች፣ ይልቁንም ከሚተከልበት ቦታ ጋር በከፍታና በዝናብ ከሚመሳሰል አካባቢ መውሰድ ይገባል። ከፍሬውም ሁሉንም ማራገፍ ነውር ነው፤ ለወፎቹ ድርሻቸውን መተው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ፍሬው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሥጋው ታሽቶ ይወገዳል፤ ዘሩም ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ይጣላል።

ሦስተኛ፤ ከመዘራቱ በፊት ጠንካራው ቅርፊት በጥንቃቄ መሰንጠቅ ወይም ጫፉ መቆረጥ አለበት። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው ለስላሳ ዘር እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ያሻል፤ የተጎዳ ዘር ይሻግታልና። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ቡቃያው በቶሎና በአንድነት እንዲወጣ ያደርጋል።

አራተኛ፤ ቡቃያው በመጀመሪያ ከጠራራ ፀሐይ መጠለል አለበት። ጥላው ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ መሄድ ይገባዋል። በጥላና በብዙ ውሃ የተቀማጠለ ችግኝ በተራራ ላይ ሲወጣ አይጸናም። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ እንደ ባሕር ዛፍ በጥቂት ወራት ለተከላ ይደርሳል ብሎ ማቀድም ስሕተት ነው። ባቄላ ቁመት ያላት ችግኝ በቁጥር ለመሙላት ብቻ ወደ ተራራ ብትወጣ የበጋ ምግብ ትሆናለች።

አምስተኛ፤ ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ሥሩ ክረምቱን ተጠቅሞ እንዲይዝ ቀደም ብሎ መፈጸም አለበት። የሚተከልበትም ቦታ በገላጣው መካከል ሳይሆን ከቁጥቋጦ ጥግ ነው። ቁጥቋጦው ላይ ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጎ፣ በጥላው በኩል ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል በቀጥታ መስመር ከመትከል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈውን ለሚቆጥር ግን ትርፉ የታወቀ ነው።

መለወጥ ያለበት ልማድ

እንግዲህ ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ የሙያ ልማድ ያመራል። ይኸውም ምንጣሮ ነው። አንድ ኮረብታ ለተከላ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው ትእዛዝ ቁጥቋጦው ይመንጠር የሚል ነው። የዚህ ልማድ ምንጭ ግልጽ ነው። የደን ትምህርት በአገሪቱ ሲስፋፋ ሥራው በአብዛኛው በባሕር ዛፍና በፈረንጅ ጽድ ላይ ያተኮረ ነበር። እነዚህ ዛፎች ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ፈጥነው ያድጋሉ፤ በመስመር ተተክለው በመስመር ይቆረጣሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ መሬትን መመንጠር ተገቢ ሥራ ነው። ለባሕር ዛፍ የተገባው ሥርዓት ግን ለወይራ አይገባም። ለወይራ ተብሎ ደደሆን የመነጠረ ሰው፣ ለሕፃን መኝታ አዘጋጃለሁ ብሎ ሞግዚቷን እንዳባረረ ነው።

ሁለተኛው ልማድ የቁጥር ነው። የችግኝ ቁጥር መመዝገብ ለሥራ ዕቅድ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲገለጽ፣ ሕዝቡ ለዛፍ ተከላ ያለው ፈቃደኛነት ለዓለም ታይቷል። ይህ ፈቃደኛነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ትልቅ ሀብት በመሆኑም በከንቱ እንዳይባክን ባለሙያው ኃላፊነት አለበት። በሐምሌ የተቆጠረው በሚቀጥለው ሰኔ ዳግመኛ ካልተቆጠረ፣ የተተከለ እንጂ የበቀለ አይታወቅም። በተፈጥሮ የበቀለ ቡቃያም እንደ ተተከለ ችግኝ በመዝገብ ቢሰፍር፣ ሠራተኛው በቁጥቋጦ ሥር የቆመችውን ወይራ ረግጦ አያልፋትም፤ ለቁጥሩ ሲል እንኳ ይጠብቃታል።

ሦስተኛው የእናት ዛፎች ጉዳይ ነው። በብዙ ቀበሌዎች የቀሩት ትላልቅ ወይራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚገኙትም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመቃብር ቦታ፣ በገደል አፋፍ፣ አልፎ አልፎም በእርሻ ድንበር ላይ ነው። ወፍ ዘሩን የሚጥለው በአብዛኛው ከበላበት ዛፍ ብዙ ሳይርቅ ስለሆነ፣ የእነዚህ ዛፎች ቦታ የወደፊቱ ደን የት ሊነሣ እንደሚችል ያመለክታል። በደስዓ ደን ጽድና ወይራ በቁማቸው እየደረቁ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አመልክቷል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ደግሞ «ደርቋልና ይቆረጥ» የሚለው ድምፅ ይበዛል። ግንድ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የደረቀውን አስታኮ ያልደረቀውም አብሮ ይሄዳል። የደረቀ ዛፍም ቢሆን ለወፍ ማረፊያና መፈልፈያ ስለሚሆን፣ በርከት ያለው በቆመበት ቢቀር ለደኑ መመለስ ይጠቅማል።

የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በዚህ ረገድ የያዙት ስፍራ ከፍተኛ ነው። በደቡብ ጎንደር ደኖቹን ያጠኑት ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከብት እንዳይገባ ማድረግ ለቡቃያዎች መትረፍ ያለውን ጥቅም አስረድተዋል። ከዚያም በየቦታው ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርተዋል። ካቡ ለደኑ አጥር ሲሆን፣ እርሻውም ከድንጋይ ጸድቷል። ካቡ ከነባሩ ደን ጠርዝ ጥቂት ወጣ ብሎ በተሠራበት ቦታ ደግሞ፣ በካቡና በደኑ መካከል ያለው ሜዳ ለወፎቹ የሥራ ቦታ ይሆናል።

የገበሬው ጥያቄ

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ተራራውን ከንክኪ ነፃ አድርጎ ቁጥቋጦ ማልበስ ለወፍና ለወይራ ጥሩ ይሆናል፤ ግን ገበሬው ፍየሉን የት ያሰማራ? ማገዶውንስ ከየት ያምጣ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ አዕዋፍ መናገር፣ የተራበን ሰው ስለ ነገ መከር እንደ ማጽናናት ነው።

መልሱ ከፊሉ በተከለሉት ተራሮች ላይ ታይቷል። ከብት በተከለከለበት ቦታ ሣሩ ስለሚያድግ ገበሬው አጭዶ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ሣሩ በማጭድ ሲታጨድ ቡቃያዋ ሳትነካ ትቀራለች፤ በፍየል ሲበላ ግን አትተርፍም። የንብ ቀፎም በዚያው ይሰቀላል። ስለ ማገዶው ደግሞ ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ማየት አይገባም። በገበሬው ጓሮና ለእርሻ በማይመች መሬት ላይ በልኩ የተተከለ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚደርስ ወይራን ከምሳር ያድነዋል። ወይራም ቢሆን ሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ በልክ መቁረጥ ይቻላል። ለድግርና ለዱላ የሚሆነውን ከቅርንጫፍ ወስዶ ግንዱን ማቆየት የጥንት ሽማግሎች የሚያውቁት ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ በባለሙያው ምክር ውስጥ ገብቶ ለወጣቱ መድረስ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባሎች፤

በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ በአፏ የያዘችው የወይራ ቅጠል ነበር። ያ ታሪክ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሰላም ነው። ለደን ባለሙያ ግን ሌላ ቁም ነገርም አለው፤ ይኸውም ምድር ከጥፋት በኋላ መመለሷን ለሰው የነገረችው ወፍ መሆኗ ነው። በዛሬዎቹ የተራቆቱ ተራሮች ላይም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በአንድ በተከለለ ተዳፋት ላይ ወፎች መመላለስ ከጀመሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቁጥቋጦው ሥር የሚገኘው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ተራራ ለተከላ ሲዘጋጅ ባለሙያው ምሳር ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይመልከት። አሮጌው ወይራ የት እንዳለ ይጠይቅ፤ ወፎቹ የት እንደሚያርፉ ያስተውል፤ ከደደሆውና ከአጋሙ ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልግ። በዚያ ቡቃያ ካገኘ ተክሉ ቀድሞ የተተከለ ስለሆነ የእርሱ ሥራ መጠበቅ ነው። ካላገኘ ደግሞ ችግኙን ይዞ ወፉ ይተክልበት በነበረው ቦታ ይትከል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ለባለቤቶቹ ይተው።